ስንት አምፔር ይስባል?

ሰለቸኝ። መርካቶ ውረዱ፣ የሰፈር ሱቅ ግቡ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የደረደረ ነጋዴ ፊት ቆማችሁ "ስንት ዋት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር የሚመልስላችሁ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። "ትልቁ ነው እናቴ"፣ "ቶሎ የሚግለው ነው"፣ "ሰው ሁሉ የሚወስደው ይኼን ነው" ይሏችኋል። ከሁሉም የሚብሰው "መብራት አይበላም" የሚለው ነው። በኤሌክትሪክ ሸክላ የሚያግል ዕቃ መብራት እንደሚበላ ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል። እኛም ሸክላውን አንኳኩተን፣ ክዳኑን ከፍተን ዘግተን፣ እግሩን ነቅንቀን፣ በዋጋው ተከራክረን እንገዛለን፤ የሚስበውን ከረንት ግን ሳናውቅ ተሸክመነው ቤት እንገባለን። ከዚያ በኋላ ያለውን የማያውቅ የለም። ሶኬቱ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሊጡ ከነቡሃቃው ተቀምጦ ይቀራል።

ሒሳቡ እኮ የሚከብድ አይደለም። ቮልቱን በአምፔሩ ብናባዛ ዋቱ ይመጣል፤ ቮልቱን ለአምፔሩ ብናካፍል ሬዚስታንሱ በኦም ይመጣል። እኛ አገር በየቤቱ ይገባል ተብሎ የሚታሰበው መብራት 220 ቮልት ነው። አንድ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል እንበል። 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት ነው፤ 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም ነው። የተጻፈው ዋቱ ብቻ ከሆነም ለ220 አካፍሎ አምፔሩን ማግኘት ነው። የማንኛውም ስልክ ማስያ ይህን በአንድ አፍታ ይሠራዋል። ለማስያው የምንሰጠው ቁጥር ግን አናገኝም፤ ብናገኝም ዞር ብለን አናየውም።

አልተማርንም እንዳንል ተምረናል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የረገጠ ሰው ሁሉ ያችን የኦም ሕግ ሦስት ማዕዘን ደብተሩ ላይ ስሏታል፤ ቪ (ቮልት) ከላይ፣ አይ (ከረንት) እና አር (ሬዚስታንስ) ከታች። የሚፈለገውን በጣት ሸፍኖ የቀረውን ማንበብ ነው። "12 ቮልት ባትሪ ከ4 ኦም ጋር ቢገናኝ ከረንቱ ስንት ይሆናል?" ስንባል 3 አምፔር ብለን ጽፈን ማርካችንን ወስደናል። ያቺ ሦስት ማዕዘን ግን ከክፍል ወጥታ ወጥ ቤት አልገባችም። አንድ መምህር እንኳ "ዛሬ ማታ ካውያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጣችሁ ኑ፣ ነገ በእሱ እንሠራለን" ሲል አልሰማሁም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቻችን ሕጉን በባዕድ ቋንቋ ይሸመድዱታል፤ እቤት ገብተው ለእናታቸው "ይሄ ሶኬት ይህን ምጣድ አይችልም" ለማለት ግን አንደበቱን አያገኙም። ያሳዝናል። 10ኛ ክፍልን ያለፈ ልጅ ባለበት ቤት ሶኬት ሲቀልጥ ማየት ያሳዝናል።

ጀርመናዊው ጆርጅ ሲሞን ኦም ይህን ሕግ በመጽሐፍ ያሳተመው በ1827 እ.ኤ.አ. ነው። እሱም መጀመሪያ ሰሚ አላገኘም። የአገሩ ምሁራን ሥራውን በቀዝቃዛ ዓይን አዩት፤ ኮሎኝ ውስጥ ያስተምርበት የነበረውን ቦታ ለቀቀ፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸልሞ ክብሩን የሰጠው በ1841 ነበር። ያኔ ሰዉ ቢዘገይ ነገሩ አዲስ ስለነበር ነው። አሁን ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀረው፤ የእኛ መዘግየት በምን ይመካኛል?

በጣም የሚያደክመኝ የጋራ ቆጣሪ ነገር ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ስድስት ተከራይ። ወሩ ሲደርስ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ክፍያው በአምፖል ቁጥር ይከፋፈላል፤ አንዳንዱ ግቢ በሰው ቁጥር፣ አንዳንዱ በክፍል። "ቴሌቪዥን ያለው ይጨምር"፣ "ካውያ ክልክል ነው"፣ "የበረንዳውን መብራት ማነው ያሳደረው?" በር ይንኳኳል፣ ፊት ይጠቁራል፣ ለዓመታት ቡና የተጠራሩ ጎረቤቶች ሰላምታ ይነፋፈጋሉ። ሁሉም በግምት ነው የሚጣላው። ለዚህ ሁሉ ጠብ የሚበቃ ቁጥር ቢኖር እሺ። 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን የሚወስደው 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ10 ዋት ቻርጀር በየቀኑ 2 ሰዓት የሚሞላ ስልክ በወር 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያ 3,520 ዋት ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በወር 16 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከ56 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። የአንድ ምጣድ የወር ፍጆታ ከ40 አምፖል ይበልጣል ማለት ነው። እኛ ግን የምንቆጥረው አምፖሉን ነው፤ የምንቆጣውም የበረንዳ መብራት አጥፍቶ ማደር የረሳውን ልጅ ነው።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን መሆኑ ነገሩን ያብሰዋል። ፍጆታው ሲያድግ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ተያይዞ ወደ ውዱ እርከን ይገባል። አንድ አምፖልና አንድ ስልክ ያላት ተማሪ በማታውቀው ነገር ትከፍላለች። እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ደግሞ "ግቢውን የምትጨርሰው እሷ ናት" እየተባለች በየወሩ አንገቷን ትደፋለች። ለእሷም ቢሆን የሚጠቅማት የሠራችበት ሰዓት በዋት ተባዝቶ የድርሻዋ ልክ በወረቀት ቢሰጣት ነበር። ልኩን ከፍላ ቀና ብላ ትኖር ነበር።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት እንኳ አያስፈልግም። ብዙዎቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ በአጠገቧ ስንት ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሆን ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ነቅሎ፣ ምጣዱን ብቻ ሰክቶ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያለውን ብልጭታ መቁጠር ነው። በደቂቃ 59 ጊዜ ገደማ ከበራች በሰዓት 3,540 ጊዜ ነው፤ ምጣዱም 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል ማለት ነው። አከራይና ተከራይ አብረው ቆመው ለአንድ ደቂቃ ቢቆጥሩ የዓመት ጭቅጭቅ ይቀራል። አይቆጥሩም። ለመነታረክ ጊዜ አለ፣ ለመቁጠር ጊዜ የለም።

ብሬከር ሲወርድ የምናደርገው ነገር ደግሞ ያስፈራኛል። ብሬከሩ የወረደው ገመዱ ከሚችለው በላይ ከረንት ስላለፈ ነው፤ ገመዱን ለማትረፍ ነው የወረደው። እኛ ግን "ይኼ ብሬከር አስቸገረን፣ ትልቅ አድርግልን" እንላለን። የተጠራውም ሰው 16ቱን ነቅሎ 32 ይሰካና ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ገመድ ግን ያው የድሮው ቀጭን ገመድ ነው። ጄምስ ፕሬስኮት ጁል በ1841 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 16 አምፔር ሲያልፍበት ሞቅ ይል የነበረ ገመድ 32 ሲያልፍበት ልባሱ ይቀልጣል፤ የሚያስቆመውም ብሬከር የለም፣ አንስተነዋልና። ቤት ሲቃጠል "ኮንታክት ነው" እንላለን፣ እንደ እግዜር ቁጣ ተቀብለን ዝም እንላለን።

የላላ ሶኬትም እንደዚያው ነው። ብረቱ ረግቦ፣ መሰኪያው ገብቶ የሚወላገድበት ሶኬት በየቤቱ አለ፤ ወረቀት አጣጥፎ ከሥሩ የሚወትፍም አለ። በዚያ ልል መገናኛ ላይ ግማሽ ኦም ብቻ ሬዚስታንስ ቢፈጠር፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 16 በ16፣ ከዚያ በ0.5 ሲባዛ 128 ዋት ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል በርቶ ሳለ በእጅ አይነካም ነበር። የሁለት እንዲህ ያለ አምፖል ሙቀት መዳፍ በምታህል ፕላስቲክ ውስጥ ታስሮ ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የእኛን የጠቆሩ ሶኬቶች ማየት ይበቃል። በዚህ ላይ ዲቫይደር እንጨምርበታለን፤ ምጣዱ፣ ፍሪጁና ውሃ ማፍያው በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ይንጠለጠላሉ።

የገመዱ ነገርስ? ላዩ ላይ 2.5 ተብሎ ተጽፎ ሲላጥ ውስጡ ከሳ ብሎ የሚወጣ ገመድ ገዝቶ ያልተቃጠለ ባለ ቤት ጥቂት ነው። ትክክለኛው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ከቆጣሪ እስከ ወጥ ቤት 20 ሜትር ቢሄድ፣ ደርሶ መልሱ 40 ሜትር፣ ሬዚስታንሱ 0.28 ኦም ገደማ ነው። 1.5 ሲሆን ወደ 0.46 ይወጣል፤ በ16 አምፔር ከ7 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ወደ 118 ዋት የሚጠጋም ግድግዳውን ያሞቃል። ገጠር ላሉ ዘመዶቻችን በ12 ቮልት የሚሠራ ሶላር ስንልክ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። 100 ዋት በ12 ቮልት ሲሆን ከ8 አምፔር በላይ ነው፤ በዚያው በ1.5 ገመድ 10 ሜትር ብንወስደው ከ12ቱ ቮልት ወደ ሁለት የሚጠጋው ሳይደርስ ይቀራል። ከዚያ "ሶላሩ ደካማ ነው" ይባላል።

የበዓል ዋዜማን ላንሳ። ሁሉም ቤት ምጣዱን በአንድ ጊዜ የሚሰካበት ሰዓት አለ። አምፖሉ ይደክማል፣ ፍሪጁ ያቃስታል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ከሥር ይጣበቃል። "መብራቱ ቀነሰ" እንላለን። ወደ ሰፈሩ የሚመጣው መስመር 1 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ አንድ ምጣድ ብቻ ሲሰካ 205 ቮልት አካባቢ ይደርሰዋል። በዚያው መስመር ሦስት ምጣድ ሲሰካ በመስመሩ የሚያልፈው ከረንት 39 አምፔር ገደማ ይሆንና ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቮልት ወደ 180 ይወርዳል። አስተውሉ፤ ቮልቱ ከ220 የወረደው በ18 በመቶ ነው፣ የምጣዱ ዋት ግን ከ3,520 ወደ 2,370 ገደማ ይወርዳል። ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ቮልቱ ሲቀንስ አምፔሩም አብሮ ስለሚቀንስ ጉዳቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። መስመሩ ላይ ብቻ ከ1,500 ዋት በላይ ማንም ሳይጋግርበት ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ስለዚህ አንዱ ቤት ከለሊቱ አስር ሰዓት፣ ሌላው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተራ ቢይዝ ሁሉም ቶሎ ይጨርሳል። ለዕድር ድንኳን ተራ የምንይዝ ሰዎች ለምጣድ ተራ መያዝ እንዴት አቃተን? እርግጥ ነው፣ ቀጭኑን መስመር ማወፈር የኛ ሥራ አይደለም፤ የሚመለከተው አካል በየጊዜው "ይስተካከላል" ማለቱን ትቶ የመስመሩን ከረንት ለክቶ ሊያስተካክለው ይገባል።

አገሪቱ በትልቁ ይህን ሒሳብ አታውቅም እንዳይባል ታውቀዋለች። ከሕዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ኪሎቮልት የሆነው፣ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰውም በ500 ኪሎቮልት የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል ያንኑ ዋት ለማድረስ የሚያስፈልገው ከረንት ይቀንሳል፤ ከረንቱ በግማሽ ሲቀንስ በሽቦው የሚባክነው ወደ ሩብ ይወርዳል። ለሺህ ኪሎ ሜትር የተሠራ ሒሳብ ከቆጣሪያችን እስከ ወጥ ቤታችን ላለችው 20 ሜትር ሲሆን የሚሠራው ሰው ይጠፋል። ይህ ያንገበግበኛል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሻንጣ ሞልተው የሚያመጡልን ስጦታም አለ። የጸጉር መተኮሻ፣ የዳቦ መጥበሻ፣ የቡና ማሽን። ልባቸው ይባረክ፤ ግን የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው። 120 ቮልት 1,200 ዋት የሚል ማሞቂያ 10 አምፔር ይስባል፣ ሬዚስታንሱ 12 ኦም ነው። እዚህ 220 ላይ ሲሰካ 18 አምፔር ይስብና 4,000 ዋት አካባቢ ይሆናል። ቮልቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ዋቱ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ስጦታው የተከፈተ ዕለት ጨሶ ያርፋል፤ የላከችው እህት ሲነገራት ታዝናለች፣ የተቀበለችው ታፍራለች። "መቀየሪያ ግዙለት" ተብሎ የሚገዛው ትንሿ መቀየሪያ 100 ዋት ብቻ የምትችል ሆና ዕቃውን ይዛው ትቃጠላለች። ከእስራኤልና ከዱባይ የሚመጣው ቮልቱ ከኛ ጋር ስለሚቀራረብ አያስቸግርም። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮችም አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ይላሉ። መሰካት ከመጀመሩ በፊት ያችን ደቃቃ ጽሑፍ ማንበብ ብቻ ነበር የሚፈለገው።

ስለ መንዘር ሳልናገር አላልፍም፤ ይህ ሰው የሚሞትበት ነው። "ምጣዱ ይነዝራል፣ ነጠላ ጫማ አድርጊ" ተብሎ የሚሠራበት ቤት ስንት ነው! ሻወሩ ይነዝራል፣ ፍሪጁ ይነዝራል፣ ቤተሰቡም ለምዶት ይኖራል። ደረቅ ቆዳ ሬዚስታንሱ ከፍተኛ ስለሆነ ያተርፋል፤ ውሃ የነካው ሰውነት ግን ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ለ1,000 ሲካፈል 0.22 አምፔር ነው። ነፍስ ለማዳን የሚገጠመው ልዩ ብሬከር 0.03 አምፔር ሲያፈተልክ እንዲቆርጥ የተሠራው ከዚያ በላይ ያለው ለልብ አደገኛ ስለሆነ ነው። የተለመደው ባለ 16 አምፔር ብሬከር ግን 0.22 አምፔር ሰው ውስጥ ሲያልፍ ምንም አይታወቀውም፣ አይወርድም። "ብሬከር አለን፣ አይገድልም" የሚሉ ሰዎች ይህን ማካፈል አንድ ጊዜ ቢሠሩት ሻወሩን ኧርዝ ሳያሳስሩ ልጅ አያጥቡበትም ነበር።

ሒሳቡ የሚሳትበት ቦታም ስላለ ልናገር። የድሮ አምፖል ጠፍቶ ሳለ በማልቲሜትር ቢለካ ሬዚስታንሱ ሲበራ ከሚኖረው አንድ አስረኛ ያህል ብቻ ይታያል፤ ሽቦው ሲግል ነው የሚያድገው። ፍሪጅና ፓምፕን የመሳሰሉ ሞተር ያላቸው ዕቃዎች ላይ ደግሞ ቮልት በአምፔር ሲባዛ የሚመጣው ቪኤ ነው፤ እውነተኛው ዋት ከዚያ ያንሳል፣ ሲነሱም ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባሉ። ስታቢላይዘር ሻጮች 5000 ቪኤውን "5000 ዋት" ብለው የሚሸጡልን ይህን ስለማንጠይቅ ነው። ለምጣድ፣ ለካውያና ለውሃ ማሞቂያ ግን ተራው ማባዛት ትክክል ነው፤ ቤታችንን የሚያቃጥሉትም በብዛት እነሱ ናቸው።

ምጣድ የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ዋቱንና አምፔሩን በብረት ላይ ቀርጻችሁ ለጥፉበት፤ በወረቀት የተለጠፈው በመጀመሪያው ጋገራ ይቃጠላል። አከራዮች፣ አምፖል መቁጠሩን ተዉና ዋትና ሰዓት ጻፉ። የፊዚክስ መምህራን፣ የቤት ሥራውን ከወጥ ቤት አምጡት። ገዢዎችም ለዕቃው ከመክፈላችሁ በፊት ዋቱን ጠይቁ፣ ለ220 አካፍሉ፣ የመጣውን አምፔር ከቤታችሁ ገመድና ብሬከር ጋር አስተያዩ። ቁጥሩን የማይነግራችሁን ሻጭ ትታችሁ ወደሚነግራችሁ እለፉ።